ሲያሻው የሚነሳ ማሞቂያ

ጨርሶ የሞተ ማሞቂያ ቀላል ነው። ባለሙያው መጥቶ እንደሞተ ያገኘዋል፤ የተቃጠለውን ለይቶ ይቀይርና ይሄዳል። የሚያስቸግረው ሌሊት ላይ ሦስት ጊዜ ጉር ጉር ብሎ የሚተኛ፣ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ማንም ሳይነካው ተነስቶ ቤቱን የሚያሞቅ ነው። ባለሙያው ሲመጣ በመጀመሪያው ጥሪ እንደ ጨዋ ልጅ ብድግ ይላል። «ምንም የለውም እኮ» ይባላሉ። ሰውየው በሩን ዘግቶ ከሄደ በኋላ፣ ማታ፣ ያው ጉር ጉር።

እዚህ የማወራው በጋዝ እየነደደ አየር አሙቆ በቱቦ ወደየክፍሉ ስለሚልከው፣ ብዙ ሰው «ፈርነስ» ስለሚለው የቤት ማሞቂያ ነው። እሳቱን በኤሌክትሪክ ራሱ የሚለኩሰውን ዓይነት ማለቴ ነው፤ ሁልጊዜ የምትነድ ትንሽ እሳት ስላለችው ስለ አሮጌው ዓይነት ኋላ ላይ ጥቂት እላለሁ።

የዚህ ዕቃ አመል ከገባዎት ግማሹ ምስጢር ይፈታል። ፈርነስ ተጠራጣሪ ነው። ጋዝ ከመክፈቱ በፊትም ከከፈተ በኋላም ተራ በተራ ይጠይቃል፦ የጭስ መውጫው ክፍት ነው? ሙቀቱ ከልኩ አላለፈም? የለኮስኩት እሳት እውነት ነዷል? አንዱ መልስ ከቀረ ወይም ከዘገየ ሁሉንም ያቋርጥና ከመጀመሪያው ይጀምራል። አብዛኛው ቦርድ (ማሞቂያውን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ከ3 እስከ 5 ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት ራሱን ይቆልፋል። ብዙዎቹ ደግሞ ከ1 ሰዓት ያህል በኋላ ቁልፉን ራሳቸው ከፍተው እንደገና ይሞክራሉ። «ሌሊት ተበላሽቶ ጠዋት ራሱን አዳነ» የሚባለው ተአምር ይኸው ነው። ማንም የዳነ የለም፤ ተቆልፎ የቆየበት ጊዜ አልቆ ዕድሉን በድጋሚ ሞከረ፣ በዚያኛው ዙር ተሳካለት።

ስለዚህ «የትኛው ዕቃ ተበላሸ?» ከማለት በፊት «የቱ ላይ ሲደርስ ነው የሚቆመው?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። ይህን ጥያቄ ዘለው ዕቃ መቀየር የጀመሩ ሰዎች ሦስት ዕቃ ገዝተው ችግሩን ከነሕይወቱ ያገኙታል። እኔም አንዱ ነበርኩ፤ እመለስበታለሁ።

ከመንካት በፊት

የጋዝ ሽታ ካለ ይህን ጽሑፍ እዚህ ይተውት። መብራት አያብሩ፣ የበራውንም አያጥፉ፤ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ይዘው ይውጡና ስልኩን ከውጭ ሆነው ለጋዝ አቅራቢው ወይም ለእሳት አደጋ ይደውሉ። ከእሳት የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ አፍንጫ አያገኘውም፣ የሚያገኘው መመርመሪያው ብቻ ነው። በጋዝ የሚሞቅ ቤት ውስጥ፣ በተለይ መኝታ ቤት አካባቢ፣ የሚጮህ መመርመሪያ ከሌለ ከማሞቂያው ጥገና በፊት እሱ ይገዛ። ቤት ሲሆኑ የሚይዝ፣ ከቤት ሲወጡ የሚለቅ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ እንደ ጉንፋን አይታይም።

እጅዎን ወደ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ኤሌክትሪኩን ያጥፉ፤ ከማሞቂያው አጠገብ ተራ የመብራት ማጥፊያ የመሰለ ማብሪያ ማጥፊያ አብዛኛውን ጊዜ አለ፣ ከሌለ በብሬከሩ። የጋዝ ቫልቭ መፍታት፣ የጋዝ ግፊት ማስተካከልና እሳቱን ከቤቱ አየር የሚለየውን ብረት መነካካት የባለቤት ሥራ አይደለም። እነዚህን ለሙያተኛ ይተዉ፤ የቀረው ውስጥ ግን በዓይንና በካካቪቴ የሚሠራ ብዙ አለ።

ወንበር ስበው ይቀመጡ

የመጀመሪያው መሣሪያ ወንበር ነው። ቴርሞስታቱን (ግድግዳ ላይ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ) ከክፍሉ ሙቀት 3 ወይም 4 ዲግሪ ከፍ አድርገው ማሞቂያው ፊት ይቀመጡና በማያ መስኮቷ ይመልከቱ። ስልክዎን ወደ መስኮቷ አዙረው ቢቀርጹ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ አራት ሴኮንድ ብቻ የሚቆይ ነገር ዓይን ያመልጠዋል።

ጤነኛው አነሳስ እንዲህ ነው። ቴርሞስታቱ ሁለት ሽቦ ያገናኛል፣ በ24 ቮልት «ሙቀት እፈልጋለሁ» የሚለው መልእክት ቦርዱ ላይ ይደርሳል። ቦርዱ ትንሿን ጭስ ሳቢ ማራገቢያ ያስነሳል፤ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማሉ። የግፊት ስዊቹ «ጭሱ እየተሳበ ነው» ሲል፣ ቀድሞ የቀረ ጋዝ ካለ ጠርጎ ለማውጣት ማራገቢያዋ ከ15 እስከ 30 ሴኮንድ ባዶዋን ትዞራለች። ከዚያ ማቀጣጠያው እንደ ፍም ይግላል። ቀጥሎ ቋ! የጋዝ ቫልቩ ይከፈታል፣ እሳቱም ከአንዱ ማንደጃ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይይዛል። በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ሴንሰሩ «እሳት አለ» ብሎ ካልመሰከረ ቫልቩ ይዘጋል። ከመሰከረ፣ ብረቱ ይሞቅ ዘንድ ከ30 እስከ 45 ሴኮንድ ያህል ይጠበቅና ትልቁ ነፊ ሞቃቱን አየር ወደ ክፍሎቹ ይገፋል።

ቦርዱ ላይ ብልጭ የምትል መብራት አለች፤ ትርጉሟ በአብዛኛው ከክዳኑ ጀርባ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሦስቴ ብልጭ ብላ ቆም ካለች አንድ ነገር፣ አራቴ ከሆነች ሌላ ነገር ነው፤ ቁጥሩ በየሠሪው ስለሚለያይ የራስዎን ዕቃ ወረቀት ያንብቡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት አለ፦ ማሞቂያው ሲቆለፍ ወዲያው አጥፍቶ ማብራት። ማጥፋቱ ቁልፉን ይከፍታል፣ ግን በብዙ ቦርዶች ላይ ምስክሩንም አብሮ ይሰርዛል። መጀመሪያ ብልጭታውን ይቁጠሩ፣ ይጻፉ፣ ከዚያ ያጥፉ። ደጋግሞ ማስነሳትም ልማድ አይሁን፤ ቫልቩ ተከፍቶ እሳት ያልያዘበት እያንዳንዱ ሙከራ ጥቂት ያልነደደ ጋዝ ይለቃል።

ምንም ድምፅ ከሌለ

ቴርሞስታቱ ጠርቶ ማሞቂያው ቃል ካልተነፈሰ ከቀላሉ ይጀምሩ። የቴርሞስታት ባትሪ። ብሬከር። በትክክል ያልተገጠመ ክዳን፤ ክዳኑ ሥር ያለችው ስዊች ካልተጫነች ሁሉም ነገር ይቋረጣል፣ ላላ ያለ ክዳን ደግሞ በመንቀጥቀጥ ብቻ አንዴ ያገናኛል አንዴ ያቋርጣል። ቦርዱ ላይ እንደ መኪና ያለ 3 ወይም 5 አምፔር ፊውዝ ይገኛል፤ እሱ ከተቃጠለ በአብዛኛው የቴርሞስታቱ ሽቦ አንድ ቦታ ተልጦ ተነካክቷል ማለት ነው፤ ፊውዙን ብቻ መቀየር ሁለተኛ ፊውዝ መግዛት ነው።

ጥፋቱ ከቴርሞስታቱ ይሁን ከማሞቂያው ለመለየት የሚያስችል አንድ ሙከራ አለ። ኤሌክትሪኩን አጥፍተው፣ ቦርዱ ላይ የቴርሞስታቱ ሽቦዎች ከሚታሰሩባቸው ውስጥ አር (R) እና ደብልዩ (W) የተጻፈባቸውን ሁለቱን በአጭር ሽቦ ያገናኙና መልሰው ያብሩ። ይህ ቴርሞስታቱን ከመንገድ አስወጥቶ «ሙቀት ስጥ» ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ አስር ጊዜ ቢያስነሱት አስሩንም ከተነሳ፣ ፈርነሱን ይተዉትና ግድግዳው ላይ ያለውን ዕቃና ሽቦውን ይመርምሩ። ሽቦዋን ከዚያ ማንሳት አይርሱ፤ ካልተነሳች ቤቱ ምንም ያህል ቢሞቅ አይቆምም።

ማራገቢያዋ ዞራ ዞራ ከቆመች

ሲያሻው የሚነሳ ማሞቂያ ምስጢሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ወይም ሴንሰሩ ጋ ነው፤ ስለዚህ እዚህ እንቆይ።

የግፊት ስዊቹ የክብ ሣጥን ዓይነት ነው፣ ውስጡ ስስ ሽፋን አለ፣ ከጭስ ሳቢዋ በቀጭን የጎማ ቱቦ ይገናኛል። ማራገቢያዋ ስትስብ ሽፋኑ ይጎተትና ኤሌክትሪኩን ያገናኛል። የሚለካው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ አንድ ኢንች ውሃ ገደማ። በስትሮው ውሃ ሲጠጡ አንድ ኢንች ከፍ ለማድረግ የሚስቡትን ያህል ማለት ነው። ይህን የሚያህል ስስ ነገር የውሃ ጠብታ፣ የሸረሪት ድር ወይም የተሰነጠቀ ጎማ ቢያሳስተው አይፈረድበትም።

የገባሁት ቃል እዚህ ነው። የራሴ ማሞቂያ አንድ የብርድ ወቅት ጠዋት ጠዋት ብቻ እምቢ ይል ነበር። ማቀጣጠያ ቀየርኩ። ሴንሰር ቀየርኩ። በመጨረሻ ወንበር ስቤ ተቀምጬ ሳየው ማቀጣጠያው ከነጭራሹ ሊግል ሞክሮ አያውቅም፤ እኔ የቀየርኳቸው ዕቃዎች ተራቸው ሳይደርስ ነበር ነገሩ የሚቆመው። የጎማ ቱቦው ሆዱን ጥሎ ነበር፤ እዚያ ሆድ ውስጥ ሌሊት አንድ ጠብታ ውሃ ይተኛል፣ ቀን አካባቢው ሲሞቅ ይደርቃል። ቱቦውን ነቅዬ አራግፌ፣ ቁልቁል እንዲወርድ አድርጌ መለስኩት። ወጪው ዜሮ፤ ከዚያ በፊት የከፈልኩትን አልቆጥረውም።

ቱቦውን ሲነቅሉ የተሰካበትን ቀዳዳም ይዩ፤ ዝገትና ቆሻሻ ይደፍነዋል፣ በቀጭን ሽቦ በእርጋታ ይከፈታል። በአፍ ወደ ስዊቹ መንፋት ግን አይሆንም፤ የሰው ትንፋሽ ለዚያ ስስ ሽፋን ከሚገባው ብዙ እጥፍ ነው፣ ሊቀደድ ይችላል።

ከዚያ ወደ ውጭ ይውጡ። የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ቅጠል፣ የወፍ ጎጆ፣ የተርብ ቤት፣ በረዶ ሊኖር ይችላል። ንፋስ በበረታበት ሌሊት ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ ንፋሱ ወደ ማውጫው አፍ እየገፋ ይሆናል፤ ስዊቹ ለአፍታ ይለቃል፣ ቦርዱም እንደገና ይጀምራል።

ጭሱ በፕላስቲክ ቱቦ የሚወጣ ከሆነ ማሞቂያዎ ከጋዙ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሚጠቀም ዓይነት ነው፤ ይኼኛው ውሃ ያመነጫል። ጋዝ ሲነድ ውሃ መወለዱ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠል አንድ ተኩል ሊትር ገደማ ውሃ በተን መልክ ይወጣል። ጋዙን ያን ያህል በማይጠቀመው ዓይነት ተኑ ከጭሱ ጋር ይወጣል። በዚህኛው ግን ሙቀቱ እስከ መጨረሻው ስለሚወሰድ ከፊሉ ወደ ጤዛ ተመልሶ ይንጠባጠባል፣ ትንሽ ሲፎን (ውሃ የሚይዝ ጎበጥ ያለ መተላለፊያ) ውስጥ አልፎ በቱቦ ይወርዳል። ሲፎኑ በዝቃጭ ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ይመለስና ማራገቢያዋ የምትስብበትን መንገድ ይዘጋል። ምልክቱ ጉልህ ነው፦ ጉርጉር፣ ጉልክ ጉልክ የሚል የውሃ ድምፅ፣ ከዚያ መቋረጥ። አንድ ሁለት ሰዓት ተቋርጦ ሲቆይ ውሃው ቀስ እያለ ስለሚንጠባጠብ ጥቂት ዙር ይሠራል፤ «ሲያሻው» የሚመስለውም ለዚህ ነው። ሲፎኑን ፈትቶ በውሃ ማጠብ፣ ወደ ውጭ የሚወርደው ቱቦ አንድ ቦታ በረዶ እንዳልያዘው ማየት። ውሃው ትንሽ አሲድነት አለው፣ እጅዎን ይታጠቡ።

ማራገቢያዋ ራሷም ታረጃለች። ኩሽኔታው የደረቀ ሞተር በብርድ ከብዶት ይነሳል፣ የሚፈለገውን ያህል ሳይስብ ጊዜው ያልቅበታል፤ በሦስተኛው ሙከራ ሞቅ ሲለው ይሠራል። «የመጀመሪያውን ጥሪ ብቻ ነው እምቢ የሚለው» ካሉ እሷን ይጠርጥሩ። ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ በጣት ሲያሽከረክሯት መተንፈሻ እንዳጣች የምትቆም ወይም የምትንቋቋ ከሆነ ጊዜዋ ደርሷል።

አንድ የማልታገሠው ነገር ቢኖር ስዊቹን በሽቦ አቋርጦ ማለፍ ነው። ለአንድ ደቂቃ ምርመራ ባለሙያ ያደርገዋል፤ እንዲህ አድርጎ ትቶ መሄድ ግን ጭሱ ይውጣ አይውጣ የሚያረጋግጠውን ብቸኛ ዘበኛ ማባረር ነው። ደግሞም አዳዲሶቹ ቦርዶች ይነቃሉ፤ ማራገቢያዋ ገና ሳትነሳ ስዊቹ አገናኝቶ ካገኙት «ይሄ ሰው አታለለኝ» ብለው ጨርሶ አይነሡም።

ማቀጣጠያው ካልጋለ፣ ወይም ግሎ እሳት ከቀረ

ማቀጣጠያው ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚግል፣ እንደ ሸክላ የሚሰበር ዕቃ ነው። ግራጫና ሸካራው ዓይነት ከሲሊከን ካርባይድ ይሠራል፣ የጣት ቅባት እንኳን ይጎዳዋል። ለስላሳና ጠፍጣፋ የሆነው የሲሊከን ናይትራይድ ዓይነት ጠንከር ይላል። ጨርሶ ካልጋለ፣ ኤሌክትሪኩን አጥፍተው፣ ሲቀዘቅዝ ሶኬቱን ነቅለው በቴስተር ይለኩት፤ የካርባይዱ ዓይነት በአብዛኛው ከ40 እስከ 90 ኦም ያሳያል፣ ምንም የማያሳይ ከሆነ ተሰብሯል። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያለው ደግሞ ሲበርድ ያገናኛል፣ ሲሞቅ ይለቃል፤ በጨለማ ሲያዩት አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነጣ ብሎ ይበራል።

ግሎ፣ ቫልቩም ቋ ብሎ፣ እሳት ከሌለ የጋዙን መዝጊያ ይዩ፤ እጀታው ከቱቦው ጋር እኩል ከሄደ ክፍት ነው፣ ከተሻገረው ዝግ ነው። ሌላ በጋዝ የሚሠራ ዕቃ በደንብ ይነዳል? እሱም ከደከመ ችግሩ ከማሞቂያው ሳይሆን ወደ ቤቱ ከሚመጣው ጋዝ ነው። ሌላው ደህና ከሆነ የቀረው የግፊት መለኪያ የያዘ ሰው ሥራ ነው። እሳቱ ዘግይቶ በ«ቡም!» ከተነሳ ግን ማሞቂያውን ያጥፉት፤ የተጠራቀመ ጋዝ በአንዴ እየነደደ ነው ማለት ነው። የደከመ ማቀጣጠያ ወይም የቆሸሸ ማንደጃ ያመጣዋል፣ አንድ ሌሊት እንኳን የሚያስታምሙት ነገር አይደለም።

አራት ሴኮንድ ነድዶ የሚጠፋው

እሳቱ በውብ ሰማያዊ ይነሳል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... ጥፍት። እንደገና። እንደገና። ከዚያ ዝምታ። ይህን ካዩ ጣትዎ ወደ ሴንሰሩ ይጠቁም፤ በእሳቱ ውስጥ የተዘረጋች፣ ከእስክሪብቶ ቀፎ የቀጠነች፣ ሸክላ እጀታ ያላት የብረት ዘንግ ናት።

አሠራሯ ከዚህ ዕቃ ሁሉ የምወድላት ክፍል ነው። ብዙ ሰው ሙቀት የምትለካ ይመስለዋል። የምትለካው ኤሌክትሪክ ነው። እሳት ውስጥ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች አሉ፤ ስለዚህ ነበልባል ራሱ እንደ ደካማ ሽቦ ያስተላልፋል። ቦርዱ በዘንጓ ላይ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ያኖራል። ዘንጓ ትንሽ ናት፣ ከሥሯ ያለውና ከግራውንድ ጋር የተያያዘው ማንደጃ ግን ሰፊ ነው። በዚህ የመጠን ልዩነት የተነሳ ኤሌክትሪኩ በእሳቱ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ይቀለዋል፣ በሌላው ይከብደዋል። ወዲያና ወዲህ ይል የነበረው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚፈስ ቀጥታ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ቦርዱ የሚፈልገው ያቺን ናት። ዘንጓ ብረት ነክታ ቢሆን ኤሌክትሪኩ ያልፋል፣ ግን ወደ ሁለቱም ወገን ነው፤ ቦርዱ አይታለልም። ከእሳት በቀር እንዲህ የሚያደርግ ነገር እዚያ ውስጥ የለም።

መጠኗ ግን ከምንም አይቆጠርም፤ በማይክሮአምፔር፣ ማለትም በአምፔር ሚሊዮንኛ ትለካለች። በጤነኛ ማሞቂያ ላይ በአብዛኛው ከ1 እስከ 6 ማይክሮአምፔር ትሆናለች፤ ከ1 በታች ስትወርድ ብዙ ቦርድ መጠራጠር ይጀምራል። ዘንጓ ላይ በጊዜ ብዛት ስስ ነጭ ሽፋን ይይዛል፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ እንደ ብርጭቆ ያለ ነገር። ከአቧራ ይመጣል፤ ሲሊኮን ካለባቸው የፀጉርና የማጽጃ ስፕሬዮችም ይመጣል፤ ትነታቸው ከአየሩ ጋር ገብቶ ሲቃጠል ሲሊካ ሆኖ ይጋገራል። ሽፋኑ በአንድ ሌሊት አይደፍንም፤ ለሳምንታት በድንበሩ ላይ ያንጠለጥላል። አንዱ ዙር 0.9 ሆኖ ያልፋል፣ ሌላው 0.6 ሆኖ ይወድቃል።

መድኃኒቱ አሥር ደቂቃ ነው። ኤሌክትሪክ ያጥፉ፣ አንዲቱን ቪቴ ፈትተው ዘንጓን ይሳቡ፣ በደቃቅ የብረት ሱፍ ብረቱ እስኪያበራ ይጥረጉ፣ በንጹሕ ጨርቅ አብሰው ይመልሱ። ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አይመከርም፤ የሚተወው ጭረት ለሚቀጥለው ቆሻሻ መያዣ ይሆናል። ሸክላው ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ሽቦዋ ላልቶ እንደሆነ አብረው ይዩ።

ጠርገው በወሩ ካገረሸ ግን መጥረግዎን አይቀጥሉ። ጥፋቱ ከመመለሻው መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ኤሌክትሪኩ በማንደጃውና በግራውንድ ሽቦ ነው ወደ ቦርዱ የሚመለሰው፣ እዚያ የዛገ ማሰሪያ ካለ ንጹሕ ዘንግ ምንም አያደርግም። የግድግዳው መስመር ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገለባብጠው ከታሰሩም ብዙ ቦርዶች እሳት ማየት ያቅታቸዋል፤ ቤቱ በቅርቡ ኤሌክትሪክ ተነክቶበት ከሆነ ይህን ያስቡ። የደከመ የጋዝ ግፊትም እሳቱን ከዘንጓ ያርቀዋል።

ተነስቶ መሃል ላይ የሚያቋርጠው

አንዳንዱ «አልነሳ አለ» የሚባል ማሞቂያ በእርግጥ ይነሳል፤ አምስት ደቂቃ ነድዶ እሳቱ ይጠፋል፣ ትልቁ ነፊ ብቻውን ቀዝቃዛ አየር እየገፋ ይቀጥላል፣ ባለቤቱ የሚደርሰው በዚያ ሰዓት ነው። ይህ ከልክ ያለፈ ሙቀት ነው፤ ገደቡን የሚጠብቀው ስዊች ቆርጦታል፣ ሲበርድ ራሱ ይመለሳል። የአየር ማጣሪያውን ፊልተር ያውጡና ወደ መብራት ያዙሩት። ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም። ስሱ ዓይነት በየ1 እስከ 3 ወር መቀየር አለበት። ፊልተሩ ንጹሕ ከሆነ የተዘጉ የክፍል አየር መውጫዎችን ይክፈቱ፤ «የማንጠቀምበትን ክፍል ዘግተን ጋዝ እንቆጥባለን» የሚለው ብልሃት ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ይህንን ነው።

ማንደጃዎቹ አጠገብ ያሉት፣ መሃላቸው ላይ የምትጫን ቁልፍ ያላቸው ትንንሽ ስዊቾች ግን ሌላ ነገር ናቸው። እነሱ የሚቆርጡት እሳት ከቦታው ወጥቶ ወደ ውጭ ሲልስ ነው። አንዷ ወጥታ ካገኟት መልሰው ተጭነው አይለፉ። ጭስ መውጫው ተዘግቶ ወይም እሳቱን ከቤቱ አየር የሚለየው ብረት ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ማሞቂያው ጠፍቶ ባለሙያ ይጠብቅ።

አሮጌው ዓይነት፣ ትንሽ እሳት ሁልጊዜ የምትነድበት፣ ችግሩ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። ትንሿ እሳት የምትለበልበው የብረት ጫፍ 30 ሚሊቮልት ያህል ያመነጫል፣ ቫልቩን ከፍቶ የሚይዘውም ያ ነው። እሳቷ ቢጫና ሰነፍ ከሆነች አፏ ቆሽሿል፤ እሳቷ ደህና ሆና ተጭነው ከሚለኩሱበት ቁልፍ ጣትዎን ሲያነሱ የምትጠፋ ከሆነ የብረቱ ጫፍ አርጅቷል።

ቦርዱስ?

ቦርዱ ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ የተውኩት ነው። ውድ ስለሆነና ውስጡ ስለማይታይ ሰው ሁሉ እሱ ላይ ይለጥፋል። በእርግጥ ይበላሻል፤ ሪሌዩ ሥር ያለ ስታኞ ሲሰነጠቅ ሲሞቅ ይለቃል ሲበርድ ያገናኛል፣ ከላይ የሚንጠባጠብ ውሃም ያዝገዋል። ነገር ግን ወደ ማቀጣጠያው ወይም ወደ ቫልቩ መሄድ የነበረበት ቮልት በተራው ሰዓት ከቦርዱ አለመውጣቱ በቴስተር ሳይታይ ቦርድ መቀየር ግምት ነው። «ሁሉንም አየሁ፣ የቀረው ቦርዱ ነው» ለሚል ሰው ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ሲቆም አይተኸዋል ወይስ ከቆመ በኋላ ነው የደረስከው?

ሲያሻው የሚመጣ ጥፋት የሚያዘው በወረቀት ነው። ማሞቂያው ጎን አንድ ወረቀት ይለጥፉ፤ በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱን፣ ውጭው ንፋስ ወይም ብርድ ወይም ዝናብ መሆኑን፣ የብልጭታውን ቁጥር፣ የቱ ላይ እንደቆመ ይጻፉ። አምስት መስመር ሲሞላ አመሉ ይወጣል። ንፋስ ባለበት ቀን ብቻ ከሆነ ወደ ጭስ መውጫው፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ በመጀመሪያው ጥሪ ከሆነ ወደ ማራገቢያዋ፣ ብዙ ከሠራ በኋላ ከሆነ ወደ ሙቀት ገደቡ፣ ወደ ሲፎኑ ወይም ወደ ስታኞው፣ ያለ ሥርዓት ከሆነ ደግሞ ወደ ላላ ሽቦ ይወስድዎታል።

ባለሙያ ሲጠሩም «አንዳንዴ አይሠራም» አይበሉት። «ማራገቢያዋ ትነሳለች፣ ማቀጣጠያው ይግላል፣ እሳቱ አራት ሴኮንድ ነድዶ ይጠፋል፤ ሴንሰሩን ጠርጌ ሦስት ሳምንት ሠርቶ አገረሸ፤ ቪዲዮውን ልላክልህ» ይበሉት። ያን ጊዜ የሚመጣው ማይክሮአምፔር የሚለካ ቴስተር ይዞ ነው፣ ቀጥታም ወደ ግራውንዱ ሽቦ ያመራል።